ጥንድ ጠላቂዎች

የጠላቂዎች አሰልጣኙ ኮማንደር ብብቱ ሥር እጁን አስገብቶ ሽቅብ ሲጎትተው ፍሬን ምን እንዳጠፋ አልገባውም። የአየር ሲሊንደሩን ተሸክሞ፣ የመተንፈሻውን ጎማ በጥርሱ ነክሶ፣ ገንዳው ወለል ላይ ተንበርክኮ አየር ሲስብና ሲተፋ ቆይቶ፣ ገና "አሁንስ ለመድኩት" ማለት መጀመሩ ነበር። ደህና መሆኑንም አውራ ጣቱን ቀጥ አድርጎ አሳይቷል። ይሁንና አውራ ጣቱን ባሳየ ቁጥር ሰውየው እንደ ዕቃ አንጠልጥሎ ያወጣዋል።

"አሁን ደግሞ ምን ሆንክ?" አለው ኮማንደር፣ ራሳቸው ከውሃው በላይ ብቅ እንዳለ።

"ምንም አልሆንኩም። ደህና ነኝ እያልኩህ ነው እኮ።"

"ደህና ነኝ አላልክም። አውጣኝ ነው ያልከው።"

ኮማንደር አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ይሄ "እንውጣ" ማለት መሆኑን፣ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ገጥመው ቀለበት ሲሠሩ ደግሞ "ደህና ነኝ" ማለት መሆኑን እንደገና አስረዳው። ባለፈው ቅዳሜ በክፍል ውስጥ ይህንኑ ተናግሮ ነበር። ፍሬንም ራሱን እየነቀነቀ ሰምቷል። ግን ከምልክቶቹ ቀደም ብሎ፣ ጠላቂ ወደ ላይ ሲወጣ ትንፋሹን ከያዘ ሳንባው ሊጎዳ እንደሚችል ተነግሮት ስለነበር፣ ከዚያ በኋላ የተባለው ሁሉ በጆሮው አጠገብ ነው ያለፈው። ደግሞስ ይህ አውራ ጣት ስንት ዓመት ሙሉ "ጎበዝ" ሲል ኖሮ እንዴት በአንድ ቀን "አውጣኝ" ይሁን?

ፍሬን የመኪና መንዳት አሰልጣኝ ነው። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው። የማሰልጠኛው መኪና በእሱ በኩልም አንድ ተጨማሪ ፍሬን አላት። ተማሪው አደጋውን ከማየቱ በፊት እሱ ይረግጠዋል፤ አንዳንዴም ምንም አደጋ ሳይኖር ይረግጠዋል። መሪውን እንደ ባላንጣ አንቆ ለሚይዝ ጀማሪ፣ "ዘና በል፣ መኪናው አይበላህም" ይላል። ዛሬ ኮማንደር፣ "ዘና በል፣ ውሃው አይበላህም" ሲለው፣ ይህ ምክር ለሰው ምን ያህል እንደማይጠቅም ለመጀመሪያ ጊዜ ገባው።

ኮማንደር ባሕር ኃይል ውስጥ አንድ ቀን ያገለገለ ሰው አይደለም። ከአንገቱ በማትለየው ፊሽካ የተነሳ ነው እንዲህ የሚሉት። ደረቱ በሽበት የተሸፈነ፣ ሆዱ ቀደም ቀደም የሚል፣ ከውሃ ሲወጣ የሚንገዳገድ፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን እንደ ጨርቅ የሚለሰልስ ሽማግሌ ነው። ፍሬንን ይዞ ሲመለስ የፍሬን ባለቤት እዚያው ወለሉ ላይ ተንበርክካ ትጠብቃቸው ነበር። እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራለች። ከአፏ የሚወጣው አረፋ ያለ ጥድፊያ፣ ተራ በተራ ወደ ላይ ይሄዳል። ፍሬን ቀለበት ሠርቶ አሳያት። እሷም ቀለበት ሠርታ መለሰችለት።

ሐሳቡ የእሷ ነበር። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገብታ ከቤት ከወጣች በኋላ፣ አንድ ምሽት እራት ላይ ስልኳን ወደ እሱ ገፋ አድርጋ የባሕር ዳርቻ ሆቴል ፎቶ አሳየችው። የዓመት ፈቃዳችንን እዚህ እናሳልፍ አለች። እሱ ጉርሻውን ሳይውጥ፣ ከመሄዳችን በፊት ደግሞ ጠልቆ መዋኘት እንማር ብላ ጨመረች። ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እሺ ያላት፣ ሚስቱ ለራሷ ብላ አንድ ነገር የጠየቀችው መቼ እንደሆነ ስላልታወሰው ነው። ሐሳቧን ትቀይራለች ብሎም ተስፋ አድርጎ ነበር። አልቀየረችም። ጉዟቸው የፊታችን ሳምንት ነው።

ይህን ሐሳብ ከየት እንዳመጣችው ግን አልገባውም። ክሊኒክ ውስጥ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅራ ትውላለች። ማታ ቤት ስትገባ የእሱ እናት ይጠብቋታል። እናቱ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ እነሱው ጋ ናቸው። ትራስ ሲንሸራተት፣ ቴሌቪዥኑ ሲጮኽ፣ ሾርባው ሲቀዘቅዝ የሚጣሩት ምራታቸውን ነው። እንዲህ ያለች ሴት ዕረፍት ስትመኝ እንቅልፍ የምትመኝ ይመስለው ነበር።

ሌላም ግራ የገባው ነገር አለ። ባለፈው ሳምንት ዕቃውን መጀመሪያ ሲያዩ፣ እሱ ከመጥለቂያ ጃኬቱ ማሰሪያዎች ጋር ሲታገል እሷ ሳታይ ነው ሁሉንም ቀጭ ቀጭ ያደረገችው። የላብራቶሪ እጅ ስለሆነ ነው ብሎ አለፈው።

ቀጣዩ ልምምድ፣ የውሃ መነጽሩን ከፈት አድርጎ ግማሹን ውሃ ማስገባትና በአፍንጫ ተንፍሶ መልሶ ማስወጣት ነበር። በአፍ ሳብ፣ በአፍንጫ ልቀቅ። ከውሃ በላይ ሲባል ሕፃን የሚገባው ነገር ነው። ከታች ግን ፍሬን የትኛው አፉ፣ የትኛው አፍንጫው እንደሆነ ጠፋበት። ቀኝ እግሩ የገንዳውን ወለል አጥብቆ እየረገጠ መሆኑንም አስተዋለ። የመኪናውን ፍሬን እየፈለገ ነው። እንደምንም ብሎ ውሃውን አስወጣው፤ ግማሹን ግን ሳይጠጣው አልቀረም። ኮማንደር አጨበጨበለትና ዕረፍት አወጀ።

ፍሬን ፎጣ ለመውሰድ ወደ መተላለፊያው ሄደ። ወንዶችና ሴቶች ልብስ የሚቀይሩባቸውን ክፍሎች የሚለየው መተላለፊያ ላይ፣ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ከባንኮኒ ኋላ ተቀምጠው ፎጣ ያድላሉ። ባለቤቱ ቀድማው ደርሳ ባንኮኒውን ተደግፋለች። ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ የሴትዮዋን ድምፅ ሰማ።

"ጠፋሽ እኮ ልጄ። ያን ሁሉ ቅዳሜ ስትመላለሽ ከርመሽ ድንገት ስትቀሪ፣ አማቷ ብሶባቸው ይሆናል ብዬ ሰጋሁ። ተሻላቸው?"

"ደህና ናቸው። በምርኩዝ መራመድ ጀምረዋል" አለች ባለቤቱ።

ሴትዮዋ ውሃ እያንጠባጠበ የቆመውን ሰው አይተው ወንድምሽ ነው ወይ ብለው ጠየቋት። ዞር ስትል ተያዩ። ባለቤቴ ነው አለች። ሴትዮዋ አንድ ፎጣ ለእሱም አቀበሉትና እንኳን ደህና መጣህ አሉት፤ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው።

ገንዳው ዳር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፍሬን ፎጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ራሱን ማድረቅ ረስቷል። ያለፈው ዓመት ቅዳሜዎች ዓይኑ ላይ እየመጡ ይሄዱ ነበር። ከሰዓት በኋላ እናቱ ያሸልባሉ፣ እሱ ኳስ ያያል፣ ሚስቱ ክሊኒክ ተጨማሪ ሥራ ገብታለች። ስትመለስ ፀጉሯ እርጥብ ይሆናል። ከኬሚካል በኋላ መታጠብ ግዴታ ነው ብላው አምኗታል። ለምን አያምናትም?

"ተጨማሪ ሥራ ያልሽኝ…" አለ።

"እዚህ ነበርኩ።"

"ከማን ጋር?"

ሳያስበው ነው ያመለጠው። ዓይኑም አብሮ አምልጦ ማዶ ወደተቀመጠው ኮማንደር ሄደ። ኮማንደር ዳቦውን እየገመጠ ሆዱን ያካል። እሷ የዓይኑን መንገድ ተከትላ አየችና ሳቅ አፈናት። ፊቱን ስታይ ሳቋን ተወችው።

"ከማንም ጋር ላለመሆን ነው የምመጣው" አለች።

ፍሬን ይህን የሚያስቀምጥበት ቦታ አጣ። ሌላ ወንድ አለ ብትለው ምን እንደሚደረግ ያውቃል፤ ይጮኻል፣ በር ወርውሮ ይዘጋል፣ ሽማግሌ ይጠራል። ሚስቴ ሰው ከሌለበት ቦታ ጋር ስትማግጥ ነበር ብሎ ለማን አቤት ይባላል? መቆጣት እንዳለበት ይሰማዋል፤ ግን ቁጣው ከየት በኩል እንደሚጀምር አልታየውም።

ቀስ እያለች ነገረችው። መጀመሪያ የመጣችው በሥራ ነበር፤ ክሊኒኩ የዋናተኞቹን ደም እንድትወስድ ልኳት። ሥራዋን ጨርሳ ስትወጣ ሰዎች ገንዳው ወለል ላይ ቁጭ ብለው አየች። ማንም ማንንም አያናግርም። ማንም ማንንም አይጠራም። ቆማ ስታያቸው ክሊኒኩ እስኪደውልላት ድረስ መመለሷን ረሳች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመዘገበች። አሁን እንደ አዲስ ተማሪ እንዲይዛት ኮማንደርን የለመነችው እሷው ናት። ልትነግረው አስባ ነበር። ደጋግማ አስባለች።

"ብትነግሪኝ እኮ ሂጂ ነበር የምልሽ።"

"ትለኝ ነበር። ማታ ደግሞ እየሳቅክ ለእህትህ ታወራላት ነበር። ከዚያ እማማ ይሰማሉ። ከዚያ የት ነሽ፣ መቼ ትወጫለሽ፣ ስልክሽ ለምን አይነሳም ይመጣል።" ፎጣዋን ማጠፍ ጀመረች። "አንድ ሰዓት እንኳ የት ነሽ የማልባልበት ቦታ ፈለግኩ። የት እንደሆነ ከነገርኩህ በኋላ ያ ቦታ የለም።"

ለምን እንደተወችውም ጠየቃት። ውሸቱ ከበደኝ አለች፤ ቤት ስገባ ቀና ብዬ ላይህ እያቃተኝ መጣ። ፍሬን እነዚያን ወራት ለማስታወስ ሞከረ። ቀና ብላ አለማየቷን አላስተዋለም ነበር። ከሁሉም ይበልጥ ያስደነገጠው ይህ ሆነ።

"ታዲያ እኔን ለምን አመጣሽኝ?"

"ባሕር ላይ ብቻን መጥለቅ አይፈቀድም። ጥንድ ያስፈልጋል።"

"ለዚህ ብቻ?"

"ጥንድ የሚሆን ሰው እዚህ ሞልቷል" አለችና ተነሳች።

ፍሬን መልሱን እያገላበጠ ቀረ። መልስ ይሁን አይሁን ሳይለይለት ኮማንደር ፊሽካውን ነፋ።

ወደ ውሃው ከመግባታቸው በፊት ጥንዶች አንዱ የሌላውን ዕቃ ይፈትሻል። ባለቤቱ አሁን ጀማሪ መምሰሉን ትታዋለች። የሲሊንደሩን መክፈቻ አዙራ አየች፣ ትከሻው ላይ የተጣመመውን ማሰሪያ አቀናች፣ ለማስጠሚያ የታጠቀውን ባለ እርሳስ ክብደት ቀበቶ ጎተት አድርጋ መጥበቁን አረጋገጠች። እጇ አንድም ቦታ አላመነታም። ፍሬን ክንዶቹን ዘርግቶ እንደሚለካ ሰው ቆሞ፣ የማያውቃትን ሴት እያየ መሰለው። የመፈተሽ ተራው ሲደርሰው ደግሞ የቱን መንካት እንዳለበት እሷ ናት እጁን ይዛ ያሳየችው።

ይህኛው ልምምድ መነጽሩን ሙሉ ለሙሉ አውልቆ፣ ጥቂት ቆይቶ መልሶ ማድረግ ነው። ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። ኮማንደር ምልክቱን ሰጠ። ፍሬን መነጽሩን ገና ከፊቱ ሲያላቅቅ ቀዝቃዛው ውሃ በዓይኑና በአፍንጫው ላይ አረፈ። አትተንፍስ በአፍንጫህ፣ አትተንፍስ በአፍንጫህ እያለ በአፍንጫው ሳበ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል አያስታውስም። ሳለ፣ መነጽሩን ጣለ፣ እግሩ ወለሉን ረገጠ። ወደ ላይ ሲስፈነጠር አንድ እጅ ክንዱን አጥብቆ ያዘው፣ ሌላ መዳፍ ደረቱ ላይ ተጫነ። ተንፍስ እያለው ነው። ትንፋሹን ለቀቀ። መዳፉ እስከ ላይ ድረስ ከደረቱ ላይ አልተነሳም።

ውሃው ላይ ብቅ ሲሉ ኮማንደር እንዳልሆነ አየ። እሷ ናት።

ሲሊንደሩን አውልቀውለት ገንዳው ዳር አስቀመጡት። ፍሬን መነጽሩ የት እንደወደቀ ጠየቀ፤ ከዚያ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀ፤ ሁለቱንም ማወቅ አልፈለገም ነበር። ባለቤቱ አብራው ልትቆይ ፈለገች። ኮማንደር ግን የእሷን ልምምድ ሳልጨርስ አልወጣም አለ። ፍሬን ሂጂ አላት፣ ልቤ እስኪመለስ ልቀመጥ። ኮማንደር መነጽሩን አምጥቶ አጠገቡ አኖረለትና፣ ከፈለግከን በዚህ ምታ ብሎ ከብረት መሰላሉ ጎን የተንጠለጠለች አጭር ብረት አሳየው። መሰላሉ ሲመታ ከታች ያለ ሰው ሁሉ ይሰማዋል። ከዚያ ወረዱ።

ስልክ የጠራው ያን ጊዜ ነው። አግዳሚው ላይ ካለው የባለቤቱ ቦርሳ ውስጥ ነው። ተወው፣ መልሶ ጠራ። ዚፑን ከፍቶ ሲያየው እህቱ ናት። ታላቅ እህቱ ዛሬ ከሰዓት ከእናታቸው ጋር ትውላለች፤ ለጉዞው ሳምንትም እንድትመጣ ባለቤቱ ለምናት እሺ ብላለች።

"እንደው አስቸገርኩሽ፣ የእማዬ ክኒን እኮ…" ብላ ጀመረች እህቱ።

"እታለም፣ እኔ ነኝ።"

"አንተ ነህ እንዴ? እሷስ?"

"ውሃ ውስጥ ናት።"

እህቱ የምን ውሃ ብላ ጠየቀችና መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ጉዳይዋ ገባች። ክኒኖቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ነጭና ቢጫ። ከምግብ በፊት የሚዋጠው የቱ ነው? ክኒኖቹ ኩሽና መደርደሪያ ላይ፣ ከስኳሩ ጎን ናቸው። ፍሬን ስኳር ለማውረድ በየቀኑ እጁን በላያቸው ያሳልፋል።

"አላውቅም" አለ።

"ታዲያ እሷን ስጠኝ። አንድ ደቂቃ ናት።"

እውነት አንድ ደቂቃ ናት። ፍሬን ብረቷን አነሳ። መሰላሉን ሊመታ ጎንበስ ሲል ውሃው ረግቶ እስከ ወለሉ ታየው። ባለቤቱ መነጽሯን አውልቃ በእጇ ይዛዋለች። ዓይኖቿ ተጨፍነዋል፣ ፀጉሯ በዙሪያዋ ተበትኗል። አረፋው ተራ በተራ ይወጣል። ማንንም እየጠበቀች አይደለም። ይህን ፊት ከዚህ በፊት ያየው መቼ ነበር ብሎ አሰበ፤ አልመጣለትም። ብረቷን ድምፅ እንዳታሰማ አድርጎ መልሶ አንጠለጠላት።

"አትወጣም" አለ።

"ምን ማለትህ ነው?"

"ካርቶኑ ላይ ተጽፎበታል፣ አንብቢው እታለም። ካልተነበበልሽ ስሙን ንገሪኝና ፋርማሲ ደውዬ እጠይቃለሁ።"

እህቱ ተቀየመች። እንደዚህ ከሆነ ነገሩ ሳምንቱን ሙሉ ይህን ኃላፊነት መሸከም እንደማትችል፣ ጉዟቸውን ለሌላ ጊዜ ቢያደርጉት እንደሚሻል ተናገረች። ጠዋት ቢሆን ኖሮ ፍሬን ይህን ሰበብ በሁለት እጁ ይቀበለው ነበር። ባሕር የለም፣ መነጽር ማውለቅ የለም፤ ጥፋቱም የእሱ አይደለም።

"ካልቻልሽ እኔ እቀራለሁ" አለ። "እሷ ትሄዳለች።"

ከአፉ እንደወጣ ግራ ገባው። ይህን ያለው ለእሷ ብሎ ነው ወይስ ባሕሩን ሽሽት? ደግሞስ እሱ ከቀረ ጥንዷ ማን ሊሆን ነው? አላሰበበትም። ሊያስተካክለውም ፈለገ፤ እንዴት እንደሚስተካከል ግን አላወቀም። በስልኩ ውስጥ የካርቶን መንሿሿት ተሰማ። ከዚያ እህቱ ቃል በቃል እየነጠለች አነበበች፤ ነጩ ከምግብ በፊት ይላል።

"በል እሺ፣ እኔው እመጣለሁ" አለች በመጨረሻ፣ ኩርፊያዋ ሳይለቃት። "ግን አንድ ነገር ሲቸግረኝ ለማን ልደውል?"

"ለእኔ።"

"አንተ ምን ታውቃለህ?"

"አላውቅም። ጠይቄ እነግርሻለሁ።"

ስልኩ ሲዘጋ ባለቤቱ መሰላሉ ሥር ብቅ አለች። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ ቀና ስትል የራሷን ስልክ በእጁ አየች። ያ ከታች ያየው ፊት ወዲያው ጠፋ። አንድ እግሯ መሰላሉ ላይ ወጥቷል።

"ማን ነው? እማማ ምን ሆኑ?"

"ምንም አልሆኑም" አለ ፍሬን። "ለእኔ ነው የተደወለው።"

ስልኩን አየችው፤ እሱን አየችው። ፍሬን ስልኩን አጠፋውና ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከደረቁ ልብሶች ሥር አድርጎ ዚፑን ዘጋ። ወንበሩ ላይ ከተወው ልብሱ ኪስ የራሱን ስልክ አውጥቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አግዳሚው ወንበር ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ሲሊንደሩን መልሶ ተሸክሞ፣ መነጽሩን በውሃ አለቅልቆ ወደ መሰላሉ መጣ። እሷም እግሯን ከመሰላሉ አውርዳ መውረጃውን ለቀቀችለት።